የተሸጠች መኪና ዕዳ

ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ነበር። ከሥራ ገብቼ የቢሮ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ስልኬ ላይ አጭር የአረብኛ መልእክት ደረሰኝ። ላኪው የሳዑዲ ዓረቢያ ፍትሕ ሚኒስቴር ነው። በእኔ ላይ ክስ መከፈቱን ይነግረኛል፤ የመዝገቡን ቁጥር ጠቅሶም ናጂዝ ገብቼ እንድመለከት ያሳስበኛል። ናጂዝ የሚኒስቴሩ የኤሌክትሮኒክ አገልግሎት ነው። ዛሬ በሳዑዲ ክስ የሚከፈተው፣ የመከላከያ መልስ የሚገባው፣ ቀጠሮ የሚታየውና የፍርድ ግልባጭ የሚወጣው እዚያ ነው።

ሪያድ የሚኖር ሐበሻ እንዲህ ያለ መልእክት ሲያይ አስቀድሞ የሚጠረጥረው አጭበርባሪን ነው። «አብሸርህ ታግዷል»፣ «የባንክ ካርድህ ተዘግቷል»፣ «ይህን ተጭነህ አስተካክል» የሚል የሐሰት መልእክት በየጊዜው ይደርሰናል፤ አብሸር የአገሩ የውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር የኤሌክትሮኒክ አገልግሎት ነው። ተጭኖ የወር ደመወዙን ያስወሰደ ሰውም አውቃለሁ። ስለዚህ መልእክቱ ላይ ምንም አልነካሁም። የናጂዝን መተግበሪያ ራሴ ከፍቼ በኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ቁጥሬ ገባሁ፤ ናፋዝ በሚባለው የማንነት ማረጋገጫ መተግበሪያ ላይ የመጣልኝንም ቁጥር መርጬ ማንነቴን አረጋገጥኩ። ክሱ እውነት ነው። ከሳሹ ቀድሞ መኪናዬን አቆምበት የነበረውን የግል የመኪና ማቆሚያ ግቢ የሚያስተዳድር ድርጅት ነው። ከጃንዋሪ እስከ ጁላይ 2025 ያለውን የ7 ወር ኪራይ፣ በወር 250 ሪያል ሒሳብ 1,750 ሪያል፣ በዚያ ላይ የመዘግየት ቅጣት 700 ሪያል፣ በድምሩ 2,450 ሪያል እንድከፍል ይጠይቃል።

ጽሑፉን ደግሜ አነበብኩት። በእነዚያ ወራት ግቢው ውስጥ ቆማለች የተባለችው መኪና የእኔ አልነበረችም። ሸጫታለሁ።

የምኖረው በጥሃ ነው። በጥሃ የሪያድ አሮጌ የንግድ ሠፈር ነው። ሐዋላ ቤቱ፣ የስልክ መሸጫው፣ የልብስ ሱቁ፣ የየመኑም የባንግላዴሹም ምግብ ቤት ተደርድሮበታል። ሕንፃዎቹ የተሠሩት ይህ ሁሉ መኪና ከመምጣቱ በፊት ስለሆነ አብዛኞቹ ለነዋሪው ማቆሚያ የላቸውም። አመሻሽ ላይ ቦታ ፍለጋ ሠፈሩን መዞር ሲሰለቸኝ በሁለት ሕንፃዎች መካከል ያለ የታጠረ ግቢ ውስጥ ቦታ ተከራየሁ። በሩ ላይ ፕላስቲክ ወንበር ላይ የሚቀመጥ የባንግላዴሽ ተወላጅ ዘበኛ አለ። ውሉ አንድ ገጽ ነው። የእኔ ስምና የኢቃማ ቁጥር፣ የመኪናዋ ሰሌዳ፣ የድርጅቱ ስልክ ቁጥር ሰፍሮበታል። ከሥር ሁለት ሁኔታዎች አሉ፦ ኪራዩ በወሩ መጀመሪያ ይከፈላል፤ ውሉን ማቋረጥ የፈለገ ወገን አንድ ወር አስቀድሞ በጽሑፍ ያሳውቃል።

ኅዳር 22 ቀን 2017፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 1 ቀን 2024፣ የሪያድ ሜትሮ ሥራ ጀመረ። ሙሉ ሥራው 6 መስመር፣ 176 ኪሎ ሜትርና 85 ጣቢያ ነው። ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች አንዱ የሆነው ሰማያዊው በጥሃን ከዑለያ ያገናኛል፤ የእኔ መሥሪያ ቤት ደግሞ ዑለያ ነው። በ4 ሪያል ቲኬት ሁለት ሰዓት መንቀሳቀስ ይቻላል። ነዳጁን፣ ኢንሹራንሱን፣ የማቆሚያውን 250 ሪያል ደምሬ ሳየው መኪናዋን ማቆየት ትርጉም አጣብኝ። በዚያው ዲሴምበር መጨረሻ ለአንድ ሱዳናዊ ሸጥኳት። ኢስትማራዋ (የባለቤትነት ደብተሯ) በአብሸር በኩል ወደ ገዢው ስም ዞረ። በዚያው ምሽት ውሉ ላይ ወዳለው የድርጅቱ ቁጥር በዋትሳፕ ጻፍኩ፦ መኪናዋን ሸጫለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ ውሉን አቋርጫለሁ፣ የቀረብኝ ሒሳብ ካለ ንገሩኝ። መልእክቱ መነበቡን የሚያሳዩት ሁለት ሰማያዊ ምልክቶች መጡ። መልስ ግን አልመጣም። ዘበኛውን ተሰናበትኩት፤ እጄን ጨብጦ መረቀኝ። ከዚያ በኋላ ክሱ እስኪመጣ ድረስ አንድም ሰው አልደወለልኝም።

ነገሩን ለጓደኞቼ ስነግራቸው ሁለት ዓይነት ምክር መጣ። አንዱ «ጆሮ ዳባ ልበስ በል፤ ዝም አይነቅዝም። ለዚህች ገንዘብ ብሎ ማን ይከተልሃል?» የሚል ነው። ሌላው «ክፈልና ተገላገል፤ አንተን ከመሕከማ (ፍርድ ቤት) ጋር ምን አገናኘህ?» የሚል ነው። ሁለቱንም ያመጣው ፍርሃት ነው። ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አልመጣም። ኅዳር 2006 ዓ.ም. መንፉሃ በሚባለው የሪያድ ሠፈር የሆነውን የሠፈሩ ሰው ሁሉ ያስታውሳል። የሳዑዲ መንግሥት ሕጋዊ መኖሪያ የሌላቸውን ሠራተኞች ማሰስ ሲጀምር በመንፉሃ ግጭት ተነሣ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ የመንግሥት ማኅተም ያለበት ነገር ሁሉ ለብዙዎቻችን የተርሂል (ከአገር የማስወጣት) መጥሪያ ይመስለናል። ሹርጣውን (ፖሊሱን) ከጀዋዛቱ (ከኢሚግሬሽኑ)፣ ጀዋዛቱን ከመሕከማው ለይቶ የሚያይ ጥቂት ነው። ኢቃማው ያልወደቀ፣ ከከፊሉ (ከስፖንሰሩ) ጋር በሰላም የሚኖር ሰው እንኳ ክስ ሲባል እግሩ ይከዳዋል።

ዝምታ የሚያስከትለውን ግን ከዚያ በፊት በዓይኔ አይቻለሁ። የአንድ ቤተሰብ ሾፌር የሆነ የአገሬ ልጅ፣ በዱቤ የገዛው ስልክ ቀሪ ሒሳብ አለብህ ተብሎ ተከሶ ነበር። መልእክቶቹ ደርሰውታል። አረብኛ ስለማያነብ፣ ደግሞም ሁሉም የአጭበርባሪ ስለሚመስሉት፣ በመጡ ቁጥር ያጠፋቸዋል። ተፈረደበት፤ መዝገቡም ወደ አፈጻጸም ፍርድ ቤት ተላለፈ። በሳዑዲ የአፈጻጸም ሕግ መሠረት ትእዛዙ በደረሰው በ5 ቀን ውስጥ ያልከፈለ ሰው ከአገር እንዳይወጣ ሊታገድ፣ የባንክ ሒሳቡም ሊያዝ ይችላል። እሱ ይህን ያወቀው ንጉሥ ኻሊድ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሶ ነው። እናቱን ሊጠይቅ ኹሩጅ ወአውዳ (የመውጫና መመለሻ ቪዛ) አስመትቶ፣ ሻንጣውን አስረክቦ፣ ከጀዋዛቱ መስኮት ተመለሰ። ያደረስኩት እኔ ነበርኩና ልመልሰውም እኔው ሄድኩ። መኪና ውስጥ ገብቶ ብዙ ከቆየ በኋላ ከጃኬቱ የውስጥ ኪስ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። የስልኩን የመጨረሻ ክፍያ የከፈለበት ደረሰኝ ነው። ቀኑ፣ የገንዘቡ ልክ፣ የሱቁ ማኅተም ሁሉም ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ያ ወረቀት በጊዜው ዳኛ ፊት ቢቀርብ ክሱን ከሥሩ የሚነቅል ማስረጃ ነበር። ማንም ሳያየው ከኪሱ ሳይወጣ ተፈረደበት። እገዳው እንዲነሣለት ገንዘቡን ደግሞ ከፈለ።

የእኔ ክስ ሲመጣ ዓይኔ ላይ የነበረው ያ ወረቀት ነው። መልስ ለመስጠት ወሰንኩ።

በዚያው ሳምንት ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ መንፉሃ ወደሚገኝ አንድ ሱቅ ሄድኩ። የሱቁ ሰው ከወሎ ቃሉ የመጡ አዛውንት ናቸው፤ ሁላችንም ሼኽዬ እንላቸዋለን። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡና፣ ከርቤ ይሸጣሉ። በልጅነታቸው ወሎ ውስጥ ኪታብ የቀሩ (የተማሩ)፣ ሪያድ ውስጥም ብዙ ዘመን የኖሩ ስለሆኑ የተቸገረ ሰው ወረቀቱን ይዞ እሳቸው ዘንድ ይመጣል። የክሱን ጽሑፍ ከስልኬ አነበብኩላቸው። የቡናውን ሲኒ አስቀምጠው አዳመጡኝ።

«ያለብህ ነገር አለ?» አሉኝ በመጀመሪያ።

«ሼኽዬ፣ ውሉ የአንድ ወር ማስታወቂያ ይጠይቃል። እኔ ያሳወቅኩት በሸጥኩበት ቀን ነው። ስለዚህ የጃንዋሪው 250 ሪያል ይመለከተኛል። የቀረው አይመለከተኝም።»

«እንግዲያስ ያለብህን አለብኝ በል፣ የሌለብህን የለብኝም በል። አደባልቀህ ብትክድ እውነትህም ውሸት ይመስላል።» ትንሽ ዝም አሉና ቀጠሉ። «ይሄ 700 ያልከኝ ምንድን ነው?»

«የመዘግየት ቅጣት ብለው ነው የጨመሩት።»

«በዕዳ ላይ የሚጨመር ገንዘብ ሪባ ነው፤ ሐራም ነው። ይሄን ቃዲው ከኔና ካንተ በላይ ያውቀዋል። አንተ ግን ካላነሣኸው ማን ያነሣልሃል?»

«አንዳንዶቹ ክፈልና ተገላገል እያሉኝ ነው። አንቱ ምን ይላሉ?»

ሼኽዬ የአባቶችን ተረት መለሱልኝ፦ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ብለው። ከዚያም «አብሽር ልጄ፤ ጻፈው» አሉኝ።

ስለ ቅጣቱ የተናገሩት ትክክል ነው። የሳዑዲ ፍርድ ቤቶች የሚዳኙት በሸሪዓ ስለሆነ፣ የገንዘብ ዕዳ ሲዘገይ የሚጣልን ጭማሪ ሪባ ነው ብለው አይቀበሉትም። ይህ ነገር አገር ለአገር ይለያያል። ለንደን የምትኖር የአክስቴ ልጅ ስለ ክሱ ስነግራት፣ እሷ በምትኖርበት አገር የግል የመኪና ማቆሚያ ቅጣት የብዙ ሰው ራስ ምታት መሆኑን አጫወተችኝ። እ.ኤ.አ. በ2015 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በቼልምስፎርድ ከተማ በአንድ የገበያ ማዕከል ከተፈቀደው ሁለት ሰዓት በላይ መኪናውን ባቆመ ሰው ላይ የተጣለውን 85 ፓውንድ ሕጋዊ ነው ብሎ አጽንቶታል። በእንግሊዝ የክስ ወረቀት የደረሰው ሰው በ14 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ክሱ መድረሱን አስቀድሞ ካስታወቀ ጊዜው ወደ 28 ቀን ይራዘምለታል። ዝም ካለ ያለ ክርክር ይፈረድበታል። በአንድ ወር ውስጥ ካልከፈለም ፍርዱ ለ6 ዓመት በስሙ ተመዝግቦ ይቆይና ብድር ሲጠይቅ ከፊቱ ይቆማል። የክፍያው ሕግ ከሪያዱ የተለየ ነው፤ ዝም ባለ ሰው ላይ የሚደርሰው ግን እዚያም እዚህም አንድ ነው።

በአገራችንም እንዲሁ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን፣ መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ ጉዳዩ በሌለበት እንዲታይ በቁጥር 70 ይፈቅዳል። በቂ ምክንያት የነበረው ሰው ደግሞ ፍርዱን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ እንዲነሣለት መጠየቅ እንደሚችል በቁጥር 78 ይደነግጋል። በሳዑዲ መልእክቱ በአብሸር በተመዘገበው ስልክህ ከደረሰ መጥሪያው እንደደረሰህ ይቆጠራል። «አላየሁትም»፣ «አረብኛ አልችልም» ማለት ብቻውን አያድንም። አረብኛ የማይችል ባለጉዳይ በአስተርጓሚ እንደሚሰማ ሕጉ ራሱ ስለሚል፣ ቋንቋ አለመቻል ከችሎት የሚያስቀር ምክንያት አይደለም።

ወጪውንም አሰላሁ። ጠበቃ ባማክር የምክሩ ዋጋ ከክሱ ሊበልጥ ይችላል፤ ደግነቱ ባለጉዳይ ራሱ መከራከር ይፈቀድለታል። ከማርች 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የዳኝነት ወጪ ሕግ ተረቺው የሚከፍለው ከክሱ ገንዘብ 5 በመቶ እንዳይበልጥ ይወስናል። ሁሉንም ነገር ብሸነፍ እንኳ የሚጨመርብኝ ከ123 ሪያል አይበልጥም። ይህን ካወቅኩ በኋላ እንቅልፌ ተመለሰ።

መልሱን ማዘጋጀት ጀመርኩ። ውሉን ከመሳቢያ አወጣሁ። የከፈልኩባቸውን ወራት የሚያሳይ የባንክ መግለጫ ከባንኬ መተግበሪያ አወረድኩ። ኢስትማራው ወደ ገዢው ስም የዞረበትን ቀን የሚያሳየውን ማስረጃ ከአብሸር አወጣሁ። የዋትሳፑን መልእክት ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የተላከበት ቁጥርና የንባብ ምልክቱ አብረው እንዲታዩ አድርጌ ፎቶ አነሣሁት። እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ላይ የዋለው የሳዑዲ የማስረጃ ሕግ ለዲጂታል ማስረጃ ራሱን የቻለ ክፍል አለው። በስልክ የተላከ መልእክትም በችሎት ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። ያው ሕግ የሸሪዓውን መሠረታዊ መርሕ ይዟል፤ የማስረዳት ሸክም ያለበት ከሳሹ ነው፣ ለካደው ደግሞ መሐላ አለ።

ከዚያ ጻፍኩ። በሒሳብ ሥራዬ ያለፍኩባቸው የአረብኛ ደብዳቤዎች ረዱኝ። ከሰላምታው በኋላ ነገሩን በአራት ተራ ቁጥር ከፈልኩት። አንደኛ፣ ውሉ መኖሩን እስከ ዲሴምበር ያለውንም ኪራይ መክፈሌን አምናለሁ፣ መግለጫው ተያይዟል። ሁለተኛ፣ ውሉን ማቋረጤን በዚህ ቀን፣ ውሉ ላይ በሰፈረው የከሳሽ ቁጥር አሳውቄአለሁ። ሦስተኛ፣ በውሉ መሠረት የማስታወቂያው ወር 250 ሪያል እንዳለብኝ እቀበላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን 6 ወራት ግን እክዳለሁ፣ ውሉ የተጻፈባት መኪና በባለቤትነቴ ሥር አልነበረችም። አራተኛ፣ 700 ሪያሉ በዕዳ ላይ የተጨመረ ስለሆነ ውድቅ እንዲደረግ እጠይቃለሁ። ቁጣ የለበትም፣ ስድብ የለበትም፣ ስለ ግቢው ወይም ስለ ዘበኛው አንድ ቃል የለበትም። ለሼኽዬ በስልክ ሳነብላቸው «ከዚህ በላይ አትጨምር» አሉኝ።

ችሎቱ ከመድረሱ በፊት ለእርቅ ተደወለልኝ። ሳዑዲ ውስጥ ብዙ የገንዘብ ክርክር መጀመሪያ ተራዲ በሚባለው የፍትሕ ሚኒስቴር የእርቅ አገልግሎት በኩል ያልፋል፤ እዚያ የተፈረመ ስምምነት እንደ ፍርድ ይፈጸማል። አስታራቂው ትሑት ሰው ነበር። የድርጅቱ ወኪል «ቅጣቱን ትተንለት 1,750ውን ይክፈል» አለ፣ ቆይቶም ወደ ግማሽ ወረደ። አስታራቂው ወደ እኔ ዞረ። እኔ 250 ሪያሉን ዛሬውኑ ለመክፈል ፈቃደኛ መሆኔን፣ ከዚያ ያለፈው ግን በእርቅም የማልቀበለው መሆኑን ተናገርኩ። እርቅ ያደግኩበት ነገር ነው፣ እወደዋለሁ። ነገር ግን ያልነበረ ዕዳ በግማሽ ሲከፈል ግማሹ እውነት አይሆንም። እርቁ አልተሳካም፤ መዝገቡ ወደ ሪያድ ጠቅላላ ፍርድ ቤት፣ እነሱ መሕከማ ዓማ ወደሚሉት፣ አለፈ።

ችሎቱ በመስከረም 2018 በቪዲዮ ተካሄደ። መሥሪያ ቤቴ ውስጥ ባዶ ክፍል ጠይቄ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ፣ ወረቀቶቼን በተራ ደርድሬ ጠበቅኩ። ዳኛው ስማችንን አረጋገጡ፤ ወኪሉንም የውክልናውን ቁጥር ጠየቁት። ወኪሉ ክሱን ባጭሩ አነበበ። እኔ መልሴ በናጂዝ መግባቱንና እንደምጸናበት ተናገርኩ።

ዳኛው ለጥቂት ጊዜ አንገታቸውን ደፍተው አነበቡ። ከዚያ ወኪሉን አንድ ጥያቄ ጠየቁት፦ ተከሳሹ መልእክት ላክሁበት ያለው ስልክ ውሉ ላይ ያለው የእናንተ ቁጥር ነው ወይስ አይደለም? ወኪሉ ወረቀት አገላበጠ። የወረቀቱ ድምፅ በማይክሮፎኑ ይሰማኛል። «ቁጥሩ የእኛ ነው፤ ግን ያኔ የነበረው ሠራተኛ ለቋል» አለ። ዳኛው ቀጠሉ፦ ከጃንዋሪ በኋላ መኪናዋ ግቢው ውስጥ እንደነበረች የሚያሳይ የመግቢያ መዝገብ፣ ፎቶ ወይም ምስክር አላችሁ? የለም። የተከሳሹን መሐላ ትፈልጋላችሁ?

እዚህ ላይ ልቤ መታ። እውነቱ በእጄ ነው፤ ነገር ግን እኛ ዘንድ እውነት የያዘ ሰውም መሐላን ይፈራል። ሼኽዬ አስቀድመው «ከጠየቁህ እውነት ስለሆነ ማል፤ ሳይጠይቁህ ግን የአላህን ስም ለገንዘብ አታንሣ» ብለውኝ ነበር። ወኪሉ ትንሽ አሰበና የኢስትማራው ማስረጃ ስላለ መሐላ እንደማይጠይቅ ተናገረ። ዳኛው ለፍርድ ዘጉት።

በዚያው ችሎት ፍርዱን አሰሙ። ያመንኩትን 250 ሪያል እንድከፍል፣ የ6ቱ ወር ኪራይ ባለመረጋገጡ፣ 700 ሪያሉም መሠረት ስለሌለው ውድቅ እንዲሆኑ ወሰኑ። ክሱ አነስተኛ ስለሆነ ይግባኝ እንደሌለው ለሁለታችንም ነገሩን። ወኪሉ አልተቃወመም። እኔ 250 ሪያሉን በባንክ ላክሁ፤ የላክሁበትንም ማስረጃ ከፍርዱ ግልባጭ ጋር በአንድ ፋይል አስቀመጥኩ።

ከዚህ በኋላ ስለ አባቶቻችን ሙግት ብዙ አሰብኩ። ድሮ በአገራችን ከሳሽ ተከሳሹን መንገድ ላይ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ያቆመዋል፤ አላፊ አግዳሚው ዳኛ ሆኖ ይቀመጥላቸዋል። ጉዳዩ ከከበደ ሁለቱ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ ተቆራኝተው፣ እስከ ዳኛው ደጅ አብረው ይሄዳሉ። እንዲያ የተቆራኘ ሰው ክሱን አላየሁም አይልም፤ መልስ ከመስጠትም አይቀርም። ያ ሕዝብ ሙግትን የሚፈራ ሕዝብ አልነበረም፤ በርሻ ድንበር፣ በከብት፣ በትንሽ ነገር ሁሉ ዳኛ ፊት ቆሞ ሲከራከር የኖረ ነው። ዛሬ መጥሪያው በስልክ ይመጣል፤ ማንንም ከማንም ጋር አይቋጥርም፣ በጣት ነካ ተደርጎ ይጠፋል። የኛ ሰው በስደት የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። መከራከር አቅቶት ሳይሆን መጠራቱን ሳያምን ቀርቶ ነው የሚረታው።

አሁን በየዓርቡ መንፉሃ ስሄድ ስልካቸውን ይዘው የሚጠብቁኝ አሉ። ከመጡት ውስጥ ብዙው የሙሩር ሙኻለፋ (የትራፊክ ቅጣት) ነው፤ እሱን በአብሸር በኩል በ30 ቀን ውስጥ መቃወም ይቻላል። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በሪያድ መንገድ ዳር የተጀመረው የማዘጋጃ ቤቱ የመኪና ማቆሚያም የራሱ የቅሬታ መንገድ አለው። የግል ድርጅት ክስ ከሁለቱም የተለየ ነው፤ መልሱ የሚገባው ለመሕከማ ነው። ለሁሉም የምላቸው አንድ ነው። በመልእክቱ በኩል አትግቡ፣ በራሳችሁ ናጂዝን ከፍታችሁ እዩ። እውነት ከሆነ ቀኑ ሳያልፍ መልሱ። ደረሰኝ፣ ውል፣ የባንክ መግለጫ፣ የተጻጻፋችሁትን ሁሉ አትጣሉ። ያለባችሁን እመኑ። አረብኛ ካልቻላችሁ የሚጽፍላችሁ የአገር ሰው አለ።

ያ ሾፌር ወንድማችን ዛሬ የሚደርሰውን መልእክት ሁሉ ይዞ ይመጣል፤ አንድም ሳይነበብ አያጠፋም። ባለፈው ሰሞን የመጣበትን ሌላ ክስ አብረን መለስን፤ ደረሰኙን አያይዘን፣ በቀኑ። እንግዳ በሆንበት አገር ብዙ ነገር አይፈቀድልንም። ዳኛ ፊት ቀርቦ «ይህ አለብኝ፣ ይህ የለብኝም» ማለት ግን ተፈቅዶልናል። ማንም የወገኔ ልጅ ይህን መብቱን በፍርሃት እንዲጥለው አልፈልግም።